ፕሮሲጀር ካንስል ሲደረግ ፖስትግሬስ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ፖስትግሬስ 15 የተባለውን ዳታቤዝ ኡቡንቱ ላይ እንጠቀማለን። የወር መጨረሻ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ስቶርድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠራ ኮድ) አለን፤ እሱም በሲ የተጻፈ የራሳችንን ፋንክሽን ይጠራል። ተጠቃሚው መጠበቅ ሰልችቶት ሪፖርቱን ሲያቋርጥ አንዳንዴ «ተሰርዟል» የሚል መልእክት ብቻ ይመጣል። አንዳንዴ ግን የሁሉም ሰው ኮኔክሽን ይበጠስና ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ መልስ አይሰጥም። ሎጉ ላይ ሲግናል 11 የሚል አይተናል። ፕሮሲጀሩ ሳይቋረጥ ካለቀ ምንም ችግር የለም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ካንስል ማድረግ ብቻውን ፖስትግሬስን አይጥልም። የሚጥለው ሥራው መሃል ላይ ሊቋረጥ እንደሚችል ሳያስብ የተጻፈ ኮድ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሲ ፋንክሽኑ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ካንስል ሲደረግ ውስጥ ለውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ይመድባል። ካንስሉ ከመተግበሪያው ቢመጣም፣ «ፒጂ ካንስል ባክኤንድ» በሚለው ፋንክሽን ቢመጣም፣ ለዚያ ፕሮሰስ የሚደርሰው ሲግኢንት የተባለው ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር ምልክት) ነው። ሲግናሉን የሚቀበለው ኮድ «ሰርዝ ተብለሃል» የሚል ምልክት አስቀምጦ ወዲያው ይመለሳል፤ በዚያ ቅጽበት የሚቋረጥ ነገር የለም። በፖስትግሬስ ኮድ ውስጥ በየቦታው «ቼክ ፎር ኢንተራፕትስ» የሚባል ማክሮ ተበትኗል። ፕሮሰሱ ከነዚህ አንዱ ጋ ሲደርስ ምልክቱን ያይና ቁጥሩ 57014 የሆነ ተራ ኤረር ያነሳል። ኤረሩ «ሎንግጃምፕ» በሚባለው ዘዴ በመሃል ያሉትን ፋንክሽኖች ሁሉ ዘሎ፣ ኤረር ለመቀበል ወደተዘጋጀው ቅርብ ቦታ ይሄዳል። የእርስዎ ፋንክሽን ከተዘለሉት አንዱ ከሆነ የመጨረሻዎቹ መስመሮቹ፣ ማለትም የሚያጸዱትና የሚዘጉት፣ አይሠሩም። «ስቴትመንት ታይምአውት» (ለአንድ ትእዛዝ የተፈቀደው ጊዜ) ሲያልፍም የሚኬደው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ለሙከራ ካንስል የሚጫን ሰው ማስቀመጥ አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ሎጉ። «ሎግ ላይን ፕሪፊክስ» ውስጥ ሰዓቱንና የፕሮሰስ ቁጥሩን የሚያወጡት ፐርሰንት ኤም እና ፐርሰንት ፒ መኖራቸውን ያረጋግጡ። «ሎግ ኤረር ቨርቦሲቲ»ን ደግሞ ቨርቦስ ያድርጉት፤ ያኔ እያንዳንዱ ኤረር ከተነሳበት የሶርስ ፋይልና መስመር ጋር ይጻፋል። ከዚያ ፕሮሰሱ የሞተበትን መስመር ይፈልጉና ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ያንብቡ፤ ፕሮሰሱ ሲሞት ሲያስኬድ የነበረው ትእዛዝ እዚያ አለ። ቀጥሎ በዚያው የፕሮሰስ ቁጥር ወደ ኋላ ይሂዱ። ከመሞቱ በፊት 57014 ተመዝግቦለታል? ወይስ ምንም ሳይመዘገብ ነው የሞተው? የዚህ መልስ ከታች ይጠቅመናል።

የሲግናሉ ቁጥርም አቅጣጫ ይሰጣል። 11 ከሆነ ፕሮሰሱ የማይገባውን ሜሞሪ ነክቷል። 6 ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱን አቁሟል፤ ፓኒክ (ፖስትግሬስ ሊቀጥል የማይችልበት ኤረር) ሊሆን ይችላል፣ ወይም ግሊብሲ (የሲ መሠረታዊ ላይብረሪ) የተበላሸ ሎንግጃምፕ አግኝቶ አስቁሞታል። 9 ከሆነ ግን ገዳዩ ከውጭ ነው። ወይ ሜሞሪ ስላለቀ ከርነሉ ገድሎታል፤ ይህን የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲሜሴጅ» ላይ ያገኙታል። ወይ ደግሞ ካንስሉ አልሰማ ያለው ሰው ኪል ማይነስ 9 ልኳል። ይህ የመጨረሻው በብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው፤ እባክዎ ባልደረቦችዎ እንዳያደርጉት አጥብቀው ይንገሯቸው። አንድ ፕሮሰስ ባልታወቀ መንገድ ሲሞት ፖስትማስተሩ (ዋናው የፖስትግሬስ ፕሮሰስ) የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ሌሎቹን ሁሉ ያስወጣል፣ ዋል የተባለውን የለውጦች መዝገብ መልሶ ያጫውትና እንደገና ይነሳል። የሁሉም ሰው ኮኔክሽን የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ስለሆነ እሱን እንደ ሌላ ችግር አይፈልጉት።

ካንስል የማይሰማ ፕሮሲጀር የራሱ ምክንያት አለው። በፓይተን የተጻፈ ፕሮሲጀር ዳታቤዙን ሳይነካ ረጅም ሉፕ ሲዞር ምልክቱን የሚያይለት የለም፤ ተርሚኔት (ኮኔክሽኑን ጨርሶ መዝጋት) ቢደረግም ያው ነው። በየተወሰነ ዙሩ «ሴሌክት 1» እንዲያስኬድ ማድረግ ይበቃል። በሲ ከሆነ ማክሮውን ሉፑ ውስጥ ያስገቡ። በፒኤል ፒጂኤስኪውኤል በኩል ደግሞ «ኤክሴፕሽን ዌን አዘርስ» ካንስልን አይዝም። ሆኖም አንድ ሰው ኮዱ ውስጥ «ኩዌሪ ካንስልድ» ብሎ በስሙ ይዞት ከሆነ ካንስሉ እዚያ ተውጦ ይቀራል።

የእርስዎ 11 ስለሆነ ኮር ዳምፕ (ፕሮሰሱ ሲሞት የነበረው ሜሞሪ ቅጂ) ያስፈልገናል። በሰርቪሱ ላይ (ኡቡንቱ ላይ ስሙ ፖስትግሬስኪውኤል፣ አት፣ 15 ሰረዝ ሜይን ነው) በሲስተምዲ «ሊሚት ኮር»ን ኢንፊኒቲ ያድርጉና ሰርቪሱን እንደገና ያስነሱ። ኡቡንቱ ኮሩን በተለምዶ ለአፖርት (ለራሱ የክራሽ ሪፖርት መሣሪያ) ስለሚሰጥ «ሲስተምዲ ኮርዳምፕ» የተባለውን ፓኬጅ ጭነው «ኮርዳምፕሲቲኤል» ቢጠቀሙ ሥራው ይቀላል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። «ሼርድ በፈርስ» (ፕሮሰሶቹ የሚጋሩት ሜሞሪ) 16 ጊጋባይት ከሆነ ኮሩ ያንን ሁሉ ይዞ ሊወጣና ዲስክ ሊሞላ ይችላል፤ የኮርዳምፕ ፊልተሩን በሄክሳ ከ33 ወደ 31 ካወረዱት የጋራው ሜሞሪ ይቀራል። በተጨማሪ ኮር ውስጥ የሠንጠረዥ ውሂብ እንዳለ ስለሚገኝ ፋይሉን ለሌላ ሰው አይላኩ፤ ለሚረዳዎ ሰው ባክትሬሱን (ፕሮሰሱ ሲሞት የነበረውን የፋንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) ብቻ ይላኩ። የዲበግ ሲምቦል ፓኬጁን ካልጫኑና የራሳችሁን ፋንክሽን በማይነስ ጂ ካልገነቡ ባክትሬሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው።

ኮሩ እስኪመጣ ግን እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ። አንድ ቀላል ሙከራ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል። በሙከራ ማሽን ላይ ፕሮሲጀሩ ብዙ ጊዜ 40 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ስቴትመንት ታይምአውቱን ከ1 ሰከንድ ጀምረው በግማሽ በግማሽ ሰከንድ እያሳደጉ በየጊዜው ይጥሩት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ይቆረጣል። ታይምአውቱን ከኮል ትእዛዙ በፊት ያስቀምጡ፤ ፕሮሲጀሩ ውስጥ ቢያስቀምጡት በመሄድ ላይ ላለው ጥሪ አይሠራም። ሙከራውን መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ኮኔክሽን እየከፈቱ ያድርጉ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ኮኔክሽን ይድገሙት።

በአዲስ ኮኔክሽን፣ ገና በመጀመሪያው ካንስል፣ 57014 ሳይመዘገብ ከወደቀ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ከ«ፒጂ ትራይ» (ኤረር ከሚይዘው የሲ ብሎክ) መሃል በሪተርን የወጣ ፋንክሽን። ይህ ስሕተት ከሁሉም ይልቅ የእርስዎን ምልክት ስለሚመስል ጠለቅ ብለን እንየው። ፒጂ ትራይ ሲከፈት «ፒጂ ኤክሴፕሽን ስታክ» የተባለው ፖይንተር በዚያ ፋንክሽን ስታክ (ሲሠራ በሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ወዳለ ቦታ እንዲያመለክት ይደረጋል፤ ትርጉሙ «ኤረር ከተነሳ ወደዚህ ዝለል» ነው። ፖይንተሩን ወደ ቀድሞው የሚመልሰው «ፒጂ ኢንድ ትራይ» ነው። ፕሮግራመሩ በመሃል «ረድፍ ካልተገኘ ሪተርን» ብሎ ከጻፈ ፋንክሽኑ ይመለሳል፣ ፖይንተሩ ግን በሌለ ፍሬም (በፋንክሽኑ የስታክ ድርሻ) ላይ ተተክሎ ይቀራል። ኤረር እስካልተነሳ ድረስ ማንም አያውቀውም። ፕሮሲጀሩ በሰላም ሲያልቅ ደግሞ ከውጭ ያለው የፖስትግሬስ የራሱ ፒጂ ኢንድ ትራይ ፖይንተሩን ስለሚያስተካክለው አሻራው ይጠፋል። «ሳይቋረጥ ካለቀ ምንም ችግር የለም» ያሉትን የሚያብራራው ይህ ነው፤ «አንዳንዴ» የሚሆነውም ካንስሉ ከዚያ ሪተርን በኋላ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ነው። ካንስሉ ሲመጣ ፕሮሰሱ በሌላ ነገር ወደተጻፈበት ስታክ ይዘላል። ባክትሬሱ ትርጉም የማይሰጥ አድራሻ ከሆነብዎት ይህንኑ ያጠናክራል።

ጂዲቢ በተባለው ዲበገር እንዲህ ይረጋገጣል። በአንድ ሴሽን «ፒጂ ባክኤንድ ፒድ»ን ጠርተው የፕሮሰስ ቁጥሩን ይያዙና ጂዲቢን ያያይዙበት። የፋንክሽናችሁ መግቢያ ላይ ብሬክፖይንት አስቀምጠው ፕሮሲጀሩን ያስጀምሩ። ሲቆም ፒጂ ኤክሴፕሽን ስታክን ያሳትሙ፣ «ፊኒሽ» ብለው ፋንክሽኑ እስኪመለስ ይልቀቁት፣ እንደገና ያሳትሙ። ሁለቱ አድራሻዎች አንድ መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ጥፋተኛውን አገኙት። ፋንክሽኑ በየረድፉ የሚጠራ ከሆነ ልዩነቱ የሚታየው በሪተርኑ በኩል በወጣው ጥሪ ላይ ብቻ ስለሆነ ያንን ሁኔታ የሚፈጥር ረድፍ ይምረጡ። ካንስሉን ራሱን በጂዲቢ መከታተል ከፈለጉ ደግሞ ጂዲቢ ሲግኢንትን ለራሱ እንደሚያስቀር አይርሱ፤ «ሃንድል ሲግኢንት ኖስቶፕ ኖፕሪንት ፓስ» ካላሉት ካንስሉ ፕሮሰሱ ዘንድ አይደርስም፣ እርስዎም በከንቱ ይጠብቃሉ።

ማስተካከያው አጭር ነው። ከፒጂ ትራይ ብሎክ ውስጥ በሪተርንም ሆነ በጎቱ አይወጣም፤ ውጤቱን በቫሪያብል ይዘው ከፒጂ ኢንድ ትራይ በኋላ ይመልሱ። ትራዩ ውስጥ ተቀይሮ ካች ውስጥ የሚነበብ ቫሪያብል ካለ «ቮላታይል» ይበሉት። ካቹ ውስጥ ደግሞ ኤረሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ መቀጠል አይቻልም፤ ወይ «ፒጂ ሪስሮው» ይላሉ፣ ወይ ሥራውን ቀድሞውኑ በሰብትራንዛክሽን (ለብቻው ሊሰረዝ በሚችል የሥራ ክፍል) ከልለው እሱን ሮልባክ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ዓይነት የሚታየው በአንድ ኮኔክሽን ሲደጋገም ብቻ ነው። ካንስሉ በሰላም ያልፋል፣ 57014ም ይመዘገባል፤ የሚወድቀው ቀጣዩ ጥሪ ነው። ይህ ስታቲክ ፖይንተር ነው። ፋንክሽኑ በፓሎክ (በፖስትግሬስ የሜሞሪ መውሰጃ) ሜሞሪ ወስዶ አድራሻውን በስታቲክ ቫሪያብል ያስቀምጣል፣ ሲጨርስ ነል ያደርገዋል። ካንስል ሲደረግ ሜሞሪውን ፖስትግሬስ ያስለቅቀዋል፣ ፖይንተሩን ነል የሚያደርገው መስመር ግን ተዘልሏል። ኮኔክሽን ፑል (ተጠቃሚዎች እየተፈራረቁ የሚጋሯቸው ክፍት ኮኔክሽኖች) ካለ ቀጣዩ ጥሪ የሌላ ተጠቃሚ ሊሆን ስለሚችል ካንስል ካደረገው ሰው ጋር የሚያገናኘው አይገኝም። ሴሽኑን የሚያጸዳው ትእዛዝ «ዲስካርድ ኦል»ም የሲ ስታቲክ ቫሪያብልን አይነካም። ፖስትግሬስን በ«ኢኔብል ካሰርት» ገንብተው ከሞከሩ የተለቀቀ ሜሞሪ ሁሉ በሄክሳ 7ኤፍ ስለሚሞላ ጂዲቢ ውስጥ 7ኤፍ 7ኤፍ እያለ የሚደጋገም አድራሻ ያያሉ፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ግንባታው ዝግ ስለሚል ለሙከራ ማሽን ብቻ ነው። መረጃው ከጥሪ ጥሪ እንዲቆይ ከተፈለገ በ«ቶፕ ሜሞሪ ኮንቴክስት» ይያዝ። ለአንድ ጥሪ ብቻ ከሆነ በ«ፒጂ ፋይናሊ» ነል ይደረግ ወይም ለሜሞሪ ኮንቴክስቱ የሪሴት ኮልባክ ይመዝገብ። ኮልባኩ ከውጭ ላይብረሪ የተከፈተ ፋይልና ሶኬት ለመዝጋትም ይሆናል።

ላይብረሪያችሁ በሲፕላስፕላስ ከሆነ ሎንግጃምፕ ዲስትራክተሮችን ዘሎ ስለሚያልፍ፣ የፖስትግሬስ ጥሪዎችን ዲስትራክተር ያለው ነገር በሌለበት ፋንክሽን ውስጥ ለብቻ ያስቀምጧቸው። የራሱን የሲግኢንት ተቀባይ የሚተክል ላይብረሪ ካለ ደግሞ ያንን ያስወግዱ። የሲ ፋንክሽኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ «ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ» ውስጥ ያሉትን ኤክስቴንሽኖች አንድ በአንድ እያወጡ ሙከራውን ይድገሙት፤ ፖስትግሬሱም የ15 የመጨረሻ ንዑስ ስሪት ላይ ይሁን።

ኮዱ እስኪታረም የወር መጨረሻው አይጠብቅም። እስከዚያ ሥራውን በምድብ ከፍለው ከእያንዳንዱ ምድብ በኋላ ኮሚት ያድርጉ፤ ከስሪት 11 ጀምሮ ፕሮሲጀር ይህን ይችላል። ኮሚት የሚሠራው ኮሉ በትራንዛክሽን ብሎክ ውስጥ ካልሆነና ኮሚቱ ኤክሴፕሽን ባለው ብሎክ ውስጥ ካልተጻፈ ነው። በየምድቡ መሃል ፕሮሲጀሩ ከአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ «ይቁም ተብሏል ወይ?» ብሎ ያንብብ፣ የመተግበሪያው የማቋረጫ ቁልፍም ካንስል መላኩን ትቶ እዚያ ይጻፍ። ፕሮሲጀሩ በራሱ ሪተርን ሲወጣ ሎንግጃምፕ ስለሌለ ስሕተቱ አይነካም። በሌላ መንገድ ካንስል የተደረገ ኮኔክሽን ካለም ወደ ፑሉ አይመለስ፤ ይዘጋ።

እስካሁን ለደረሱት ውድቀቶች ደግሞ ዛሬውኑ የሚያዩት ነገር አለ። አንሎግድ ሠንጠረዦች (ለውጣቸው ዋል ላይ የማይጻፍ) ከክራሽ በኋላ ባዶ ይደረጋሉ፤ ሪፖርቱ መሸጋገሪያ አድርጎ የሚጠቀምባቸው ካሉ ይፈትሿቸው። የእንቅስቃሴ ቆጣሪዎቹም ከክራሽ በኋላ ከዜሮ ስለሚጀምሩ ኦቶቫኪዩም (ሠንጠረዦችን በራሱ የሚያጸዳው ሥራ) የትኛው ሠንጠረዥ ምን ያህል እንደተቀየረ አያውቅም፤ በትልልቆቹ ሠንጠረዦች ላይ አናላይዝ የተባለውን ስታቲስቲክስ የሚያድስ ትእዛዝ በእጅዎ ያስኬዱ።