ባለቤቴ አዲሱን ጎልፍ ወዳዋለች፣ እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል

ሰላም እህቴ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ2019 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ መኪና አለኝ፣ ማንዋል፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር። ባለቤቴ በ2025ቱ እንቀይረው ብላ ሰላም ነሳችኝ። ሄደን አየነው። ምን ልበልሽ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 12.9 ኢንች ስክሪን ገትረውበታል። እኔ ኤሲዬን መንገዱን እያየሁ፣ በእጄ ዳብሼ ነው የማዞረው። እዚህ ስክሪኑ ሥር ያለውን መስመር በጣት ማሻሸት ሆኗል። እየነዳሁ ዓይኔን ከመንገድ ነቅዬ ልፈልገው? ማንዋሉማ ጭራሽ ቀርቷል፣ በካምቢዮው ቦታ ላይተር የምታክል ነገር ተቀምጣለች። ከ1976 ጀምሮ የምናውቃት የጎልፍ ኳስ የመሰለችው የማርሽ ጫፍም አብራ ሄደች። ባለቤቴ ማንዋል ስለማትነዳ ይሄ አይገባትም። የሌሊት ሥራዋን በአውቶቡስ ነው የምትመላለሰው፣ ለምዳዋለች። ቅዳሜ ተመልሰን እንሂድ ብላለች። እምቢ ብላት ይፈረድብኛል?

ማርሽ ወዳዱ

ወንድሜ፣

በኤሲው ካንተ ጋር ነኝ። የሚዞር ነገርን የሚተካ የለም፣ አራት ነጥብ። ግን መኪናውን በደንብ ያየኸው አልመሰለኝም። የ2022ቱ መሪ ላይ ያለው ሁሉ በንክኪ ነበር፣ ሰው ሲያዞር መዳፉ ካረፈበት ያላሰበውን ያዝዝ ነበር። አሁን ጫን ሲሉት ቀጭ የሚል ቁልፍ መልሰውበታል። ያ የምትጠላው መስመርም ድሮ ማታ መብራት አልነበረውም፣ አሁን ይበራል። የቮልስዋገን ዲዛይነሯ ጉንሂልድ ሊልየክቪስት ለመጀመሪያው ጂቲአይ ከኳሷ ጋር ያወጣችው ዳማ ዳማ የወንበር ጨርቅም አልጠፋም።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። ለምዳዋለች? በጥር ብርድ፣ በሌሊት፣ ፌርማታ ላይ መቆም ይለመዳል እንዴ? ያውም መኪናው በር ላይ ቆሞ! ስለ ካምቢዮ ይህን ሁሉ ስትጽፍ፣ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፍሪሲዮን አስረግጫታለሁ የሚል ቃል አላየሁም። አስተምረሃት እምቢ ካለች ሌላ ወሬ ነው። ካላስተማርካት ግን ያ መኪና የቤቱ ሳይሆን ያንተ ብቻ ነው፣ እሷም ይህን ካወቀች ቆይታለች፣ አንተን ላለማስቀየም ነው በአዲስ ሞዴል አሳባ የመጣችው። አዎ፣ እፈርድብሃለሁ።

ቅዳሜ ሂዱ። ለሙከራ ስትወጡ መሪውን ለእሷ ስጥና አንተ ጋቢና ቁጭ በል። ስለ ስክሪኑም አፍህን ይዘህ እሷ የምትለውን ስማ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ደግሞ በ2019ህ ሥራ ቦታዋ ድረስ አድርሳት፣ ጠዋትም ሄደህ አምጣት።