የአብሃው ጽድ የእኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳውዲ አብሃ ከተማ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው አሠሪዎቼ ተራራ ላይ ለሽርሽር ሲወጡ ይዘውኝ ሄዱ። የአንዱን ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ በእጄ ሳሸው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሸተተኝ። እንባዬ መጣ። እውነት ጽድ ነው ወይስ ናፍቆት ነው? ደግሞስ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ደረቅ ወር እንዴት አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል?

መልስ፦ እህቴ፣ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ያሸተትሽው ራሱ የሐበሻ ጽድ ነው። አንቺ ካለሽበት ከዓሲር ተራሮች ይጀምርና በኤርትራና በኢትዮጵያ ደጋ አድርጎ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል። ጁኒፐር ከሚባሉት የጽድ ዘመዶች መካከል በተፈጥሮ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ የተሻገረው እሱ ብቻ ነው።

ድርቁን የሚችለው በቅጠሉ ነው። ዳግመኛ ከሄድሽ አንዷን ቀንበጥ ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ እያት። ጥቃቅን ቅርፊት የመሰሉ ቅጠሎች ተደራርበው እንጨቷ ላይ ልጥፍ ብለዋል። እኔ ባየኋት ቁጥር ሹሩባ ነው ትዝ የሚለኝ። ፀሐይና ነፋስ የሚያገኙት ገላ ትንሽ ነው፣ ላዩም በሰም የተሸፈነ ነው፤ ውሃው ቶሎ አይተንም። ሕፃን ሳለ ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ይወጋል። ደግሞ ጭራሽ አይረግፍም ማለት አይደለም። ያረጀውን ጥቂት በጥቂት ይጥላል እንጂ በአንድ ጊዜ እርቃኑን አይቀርም።

ያስለቀሰሽ ሽታም ለዛፉ ጋሻ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ዘይት ምስጥን ያርቃል፣ ቶሎ እንዳይበሰብስም ይጠብቀዋል። አባቶቻችን ለአጥር ቋሚ ጽድ የሚመርጡት ወደው አይደለም።

ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ዛፍ ናቸው። የወንዱን ብናኝ ነፋስ ያደርሳል። ሴቷ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል፣ ከሽንብራ የማትበልጥ ጠቆር ያለች ሰማያዊ ፍሬ ታፈራለች። ወፎች ይበሏትና ዘሯን ርቀው ይጥሉታል።

መራቁ ጥሩ ነው። እኔ ችግኝ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ እናታቸው ጥላ ትሁናቸው ብዬ ችግኞቹን ከትልልቅ ጽዶች ሥር ተከልኳቸው። ቀጭጨው ሞቱብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። ሕፃን ጽድ ብርሃን ይፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለ የጽድ ጫካ ውስጥ ትልልቁን እንጂ ትንንሹን እምብዛም የማታዪው ለዚህ ነው። ዛፍ ወድቆ ሰማይ ሲከፈት ያኔ ይበቅላል። እድገቱ ደግሞ ዝግ ያለ ነው። ጎን ለጎን ያሳደግኩት የፈረንጅ ጽድ ወገቤን ሲያልፍ እሱ ገና ጉልበቴ ላይ ነበር። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ተቆረጠ ማለት አለቀ ማለት ነው።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ጋ በዓሲርም፣ እኛ ጋ በትግራይና በአፋር መካከል ባለው በደስአ ጫካም፣ ጫፉ የደረቀ ጽድ በዝቷል። ዓሲር ላይ ከተራራው ከፍ ብለው የበቀሉትን ጉም ያርሳቸዋል፤ ቀድመው የሚደርቁት ዝቅ ብለው የበቀሉት ናቸው። ደስአ ላይ ደግሞ ከብትና ፍየል ለጋውን ሳያድግ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል።

ዳግመኛ ወደ ተራራው ስትወጡ ቀና በይና ጫፉን እይልኝ። አረንጓዴ ነው? ፍሬ የያዘች ካገኘሽም ጻፊልኝ።