«ልተኛበት» ወይስ «ይደር»?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ የቡና ንግድ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። አንድ የውጭ አገር ገዥ ዋጋ ስናቀርብላቸው «ሌት ሚ ስሊፕ ኦን ኢት» ብለው በኢሜይል መለሱልን። «ልተኛበት ይላሉ» ብዬ ስተረጉም አለቃዬ የተናቁ መስሏቸው ተቆጡ። ትርጉሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ገዥው አልናቋቸውም፤ እንዲያውም ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥረውታል። ሐረጉ ቸኩሎ ከመወሰን ይልቅ ጉዳዩን አሳድሮ በማግስቱ በረጋ አእምሮ መመለስን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ የሚስማማው «አድሬ ልመልስልዎ» ወይም በስብሰባ «ጉዳዩ በይደር ተያዘ» እንደምንለው «ነገሩ ይደር» የሚለው ነው። ጠቡን ያመጣው «ልተኛበት» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ማመልከቻዬ ላይ ተኙበት» ስንል ቸል አሉት ማለታችን ነውና። የሚገርመው፣ በአሜሪካውያን የመንገድ ቋንቋም «ዶንት ስሊፕ ኦን ኢት» ሲባል «ችላ እንዳትለው» ማለት በመሆኑ፣ የአለቃዎ ቁጣ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ተናጋሪው ግን፣ እንደ ገዥዎ፣ ስለ ራሱ ውሳኔ ሲናገር የሚያዘው የመጀመሪያው ትርጉም ነው። በኃላፊ ጊዜ «ስሊፕ» ወደ «ስሌፕት» ይለወጣል። ሐረጉ የዕለት ተዕለት ንግግር ስለሆነ፣ እርስዎ በንግድ ደብዳቤ ሲጽፉ «አስበንበት እናሳውቅዎታለን» የሚል መደበኛ አገላለጽ ቢመርጡ ይሻላል።