የአንድሮይድን ሮቦት ማኅደር ከየት እንጀምር?

ወንድማችን በካርቶን ያከማቿቸውን የአንድሮይድ ሮቦት (አንድሮይድ የተባለው የጉግል የስልክ ሥርዓት ዓርማ የሆነው አረንጓዴ ሮቦት) ተለጣፊዎች፣ አሻንጉሊቶችና የስልክ ቤት ፖስተሮች ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ማኅደር ለማደራጀት ከየት እንደሚጀምሩና ሕግ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በአዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤቴ ይህንኑ ሥራ ለዓመታት ስለያዝኩት የማውቀውን ልጻፍ።

አዲስ ዕቃ መሰብሰቡን ለጊዜው ገታ አድርገው መዝገብ ይክፈቱ። ከማን፣ ከየትኛው ሰፈርና መቼ እንደተገኘ ያልተጻፈለት ተለጣፊ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሚመረምረው ሰው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

በእኛ ዘንድ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ዘመኑ ነው። አንድ ስልክ ጠጋኝ «ይህን የለጠፍኩት በ2003 ነው» ሲልዎት በእኛ አቆጣጠር መናገሩ ነውና በአውሮፓውያኑ 2010 ወይም 2011 ይሆናል፤ አንድሮይድ የተጫነበት የመጀመሪያው ስልክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ስለሆነ፣ ቁጥሩ እንዲሁ ከተጻፈ መዝገቡን የሚያነብ የውጭ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ የሰውየውን ቃል እንዳለ ይጻፉና አጠገቡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያመልክቱ።

ሥዕሉ ራሱም ይመሰክራል። ኢሪና ብሎክ ለጉግል የነደፈችው ሮቦት ለረጅም ጊዜ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓርማው ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ቀረና ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አረንጓዴ ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ጎላ ብሎ የሚታይ ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ ያዘ። ይሁን እንጂ በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። ፀሐይ የመታው የታተመ ፖስተር ብዙውን ጊዜ ቢጫው ቀድሞ ስለሚለቅ የድሮው አረንጓዴ ሰማያዊ መስሎ አዲሱን ይመስላል፤ በማጣበቂያ ፕላስተር ወይም በክፈፍ ተሸፍኖ የቆየውን ጠርዝ ገለጥ አድርገው ቢያዩ እውነተኛውን ቀለም ያገኙታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ጉግል ሮቦቱን ክሪኤቲቭ ኮመንስ 3.0 በተባለው ፈቃድ ስለለቀቀው ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ማባዛትም ማሻሻልም ይቻላል። «አንድሮይድ» የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ስለሆነ በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም። ሌሎች አድናቂዎች የሣሏቸው ሥዕሎችም የየሠዓሊዎቻቸው ናቸውና ፈቃድ ሳይጠይቁ አያውጧቸው።

አሻንጉሊቶቹን፣ በተለይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡትን፣ አሻንጉሊት ነዳፊው አንድሩ ቤል የሠራቸውን የቪኒል (ለስላሳ ፕላስቲክ) ምስሎች፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር አያስቀምጡ። ለስላሳ ፕላስቲክ በሙቀት፣ በተለይም በታሸገ ላስቲክ ውስጥ፣ ላብ የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። አየር በሚያገኝ ካርቶን ውስጥ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩና በክረምት ከወለሉ ከፍ ብለው ቢቀመጡ ይሻላል።

ወረቀቶቹን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያሠሩ ከሆነ ብዙዎቹ በልማድ ፒዲኤፍ አድርገው ስለሚሰጡ፣ ሳይታመቅ ቲፍ (TIFF) በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት እንዲያወጡልዎት አስቀድመው ይንገሯቸው። ከፋይሉ አንዱን ቅጂ ከቤትዎ ውጭ ያኑሩ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምሳሳለት በእጅ የተሣለው የሱቅ ማስታወቂያ ነው። የከተማው ዳርቻ በየጊዜው ስለሚፈርስና ስለሚታደስ ግድግዳው ሳይቀባ ፎቶ ያንሡት፤ ሠዓሊውንም ካገኙት ስሙ እንዲጻፍ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቀው መልሱን ከፎቶው ጋር ያስቀምጡ።