መልስ፦ ሄሊኮፕተሩ ራዳር እያለው ለምን ሶናር በገመድ ያወርዳል?

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ሆነህ ሄሊኮፕተር ሰርጓጅ መርከብን በራዳር መፈለጉ ለምን እንደማይበቃ ጠይቀሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የራዳር ሞገድ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ገና ሳይገባ ይጠፋል። ድምፅ ግን ይጓዛል፤ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ፣ በአየር ከሚጓዘው ከ4 እጥፍ በላይ። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ጣና ውስጥ ጠልቀን፣ ጓደኛችን ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ሲያጋጭ እጆሯችን ሥር የተመታ ይመስለን ነበር።

ሄሊኮፕተሩ በገመድ ውሃ ውስጥ የሚያወርደው መሣሪያ፣ ሶናሩ፣ ድምፅ ይለቅና እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውን ያዳምጣል። በ4 ሰከንድ ከተመለሰ ሰርጓጁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ገመዱ የሚያስፈልገው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባሕሩ ላዩ ሞቃት፣ ሥሩ ቀዝቃዛ ነው። ድምፅ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ይታጠፋል። ሰርጓጁም ከዚያ ሥር ይደበቃል። መርከብ ሆድ ላይ የተገጠመ ሶናር ሊስተው ይችላል። ሄሊኮፕተሩ ግን መስሚያውን እዚያው ጥልቀት ድረስ ይሰድለታል። ይሄ ሐሳብ ሁሌም ይገርመኛል!

ለመሐንዲሶቹ ከባድ የነበረው በጨለማ፣ ምንም ምልክት በሌለበት ባሕር ላይ ሳይንሸራተቱ አየር ላይ መቆም ነው። ገመዱ ካዘመመ ነገር ተበላሸ። በ1961 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው የአሜሪካው ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተር ይህን በዶፕለር ራዳር (ከውሃው ገጽ በሚመለስ ሞገድ መንሸራተትን በሚለካ ራዳር) እና በራስ ሰር መቆጣጠሪያ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ድምፅ የሚለቁ ሶናሮች መጡ፤ ወፍራም ድምፅ ሩቅ ይደርሳላ። መሣሪያው ትልቅ ስለሚሆን ውሃ ውስጥ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ተደረገ።