መልስ፦ አያትየው አብራሪ እንደነበረች መደበቋ ያሳምናል ወይ?

ሰላም እህቴ። በምታነቢው ልብወለድ ላይ አያትየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ የጦር አውሮፕላን ታበር እንደነበር ለልጆቿ ሳትናገር መኖሯ «አይዋጥልኝም» ብለሻል። እኔን ግን ከሁሉም ያሳመነኝ እሱ ነው።

ዋስፕ የሚባሉት፣ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የሚያበሩ ሴት አብራሪዎች፣ ከ1,000 በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ የሠለጠኑት ቴክሳስ፣ ስዊትዋተር ነው። የተሰጣቸው ቱታ ለወንድ የተሰፋ ስለነበር እጅጌውን ጠቅልለው፣ ወገቡን በቀበቶ ሸብ አድርገው ይበሩ ነበር። አዲስ አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሳሉ። ሌላው ሥራቸው ይባስ ያስፈራል። ከኋላ ዒላማ እየጎተቱ ይበራሉ፤ ከመሬት ያሉት ወታደሮች በእውነተኛ ጥይት ይለማመዱበታል!

38ቱ ሞተዋል። በሕግ ሲቪል ስለነበሩ መንግሥት ለአስከሬን ማጓጓዣ አይከፍልም፤ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ባንዲራም አይፈቀድም። ስለዚህ በልብወለዱ የሟቿ አብራሪ ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ለእናቷ የሚልኩበት ምዕራፍ ዝም ብሎ ፈጠራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ተበተኑ። ሰነዳቸው ታሸገ። እንደ ጦር ሠራዊት አባል በሕግ የታወቁት በ1977 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ማንም «ምን ሠራሽ?» ብሎ ያልጠየቃት ሴት ለማን ታውራ? ባሏም የሚያውቀው ያው «በጦርነቱ ጊዜ ሥራ ነበረኝ» ያለችውን ብቻ ቢሆን አይገርመኝም።

የፍቅሩን ነገር ግን ካንቺ ጋር ነኝ። ተያይተው ሁለት ገጽ ሳይሞላ ቀለበት? ኧረ ቀስ! እሱን ዝለይውና ደብዳቤዎቹ የሚገኙበት ምዕራፍ ላይ ግቢ።