በ40 ቀኑ ሲቆርብ ምን ያውቅ ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፥ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሐኪሞች ኦቲዝም ነው ብለውኛል። እስካሁን አፉን አልፈታም። ሲጠሩት አይዞርም፤ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። የሚጥል በሽታም ስላለበት መድኃኒት ይወስዳል። ጎረቤት «ቡዳ ነው፥ ክታብ አሠሪለት» ይለኛል። ባለቤቴ «በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይላል። ባለፈው ቅዳሴ መሀል ሲጮኽ «ይዘሽው ውጪ!» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ አላቆረብኩትም። ኃጢአቴ ነው ወይ? መድኃኒቱን ትቼ ጸበል ብቻ ልያዝ? ጸጥ የሚለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣራውን ሲያይ ብቻ ነው።

መልስ፦ እኅቴ፥ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ከቁርባኑ ልጀምር።

ልጅሽ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ያኔውኑ ቆርቧል። ያን ቀን ምን ያውቅ ነበር? «አሜን» ብሏል? አላለም። የክርስትና አባቱ ስለ እርሱ መሰከረለት፤ ቤተ ክርስቲያንም ልጄ ብላ ተቀበለችው። ታዲያ አምስት ዓመት ሞልቶት ስላልተናገረ ይህ ይወሰድበታል? በፍጹም። ሰባት ዓመት ስላልሞላው የጾም ግዴታም የለበትም። ሲሞላው ከንስሐ አባትሽ ጋር ትነጋገሪበታለሽ። ከጥቂት ዓይነት ምግብ በቀር አልነካም የሚል ልጅ ከሆነ ይህንም ንገሪያቸው።

«ኃጢአቴ ነው ወይ?» ያልሽውን ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀውታል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» አሉ። ጌታ «የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ነው እንጂ እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። ለባለቤትሽም አንብቢለት። ኦቲዝም አንጎል ሲያድግ የሚፈጠር ልዩነት ነው። ዘር ድርሻ አለው፤ ድርሻ ግን ጥፋት አይደለም፥ ከማን ወገን መጣ ተብሎም አይካሰሱበትም። ክትባት አያመጣውም። ቀደም ባለው ጊዜ በፈረንጅ አገር ሐኪሞች ሳይቀሩ «የእናት ፍቅር ማነስ ነው» ይሉ ነበር። ስንቷን እናት በከንቱ አስለቀሱ!

ክታቡን ተዪው። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

«ይዘሽው ውጪ» የተባልሽው ግን እኛን አገልጋዮቹን ይመለከታል። ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራ መሰለው፥ ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1)። ካህን ሆኖ ጸሎትን ከስካር አልለየም። ነገሩን ስታስረዳው ግን አልተሟገተም፤ «በደኅና ሂጂ» ብሎ መረቃት። እኛ አንዳንዴ እዚያም አንደርስም። ስለዚያ ቀን እኔ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

እንዲቀልልሽ ሰው ቀለል በሚልበት፥ በአዘቦት ቀን ቅዳሴ ሞክሪ። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለሽ በቅጽሩ ዛፍ ሥር ቁሚ፤ እዚያ ቆሞ ማስቀደስ ለማንም ነውር ሆኖ አያውቅም። ቁርባኑ ሲደርስ ይዘሽው ግቢ። ለጥምቀት ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ አትውሰጂው። ከበሮው፥ እልልታው፥ ግፊያው ለእርሱ ሥቃይ ነው። ጸበሉን በጠርሙስ አምጪለት።

መድኃኒቱን እንዳታቆሚ! የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የባሰ ይጥላል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። ጸበል ሲወስዱትም እየጮኸ በግድ አይነከር። በእጅሽ ቀድተሽ ግንባሩን አብሺለት፥ ትንሽ አጠጪው፤ ይበቃዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ክትትሉንም ቀጥይ።

ይናገራል ብዬ ቀን አልቆርጥልሽም፤ ቀን የሚቆርጥልሽንም አትመኚ። አፉን ባይፈታ ግን የሚግባባበት መንገድ ጠፋ ማለት አይደለም። የውኃ፥ የእንጀራ፥ የጫማ ሥዕል ሥለሽ እያሳየሽ አስለምጂው፤ ሲፈልግ ይጠቁምሻል። እኛስ ማንበብ ለማይችለው ምእመን በሥዕል አይደል ያስተማርነው?

አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ነፍሳቸውን ይማር፥ የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸውን አልደበቁም። በአደባባይ ስለ እርሱ ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ለእርሱ ዓይነት ልጆች ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። አንቺ ማዕከል ክፈቺ አልልሽም። ለአንዲት ጎረቤት በሩን መክፈት ይበቃል።

የደብረ ብርሃኑን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ጣራ ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው፤ ዓይናቸው ሁሉ የተገለጠ። የሰው ዓይን ማየት የሚከብደው ልጅ እዚያ ሥር ጸጥ ማለቱ ገረመኝ። ውሰጂው፥ እስኪጠግብ ይይ።

የክርስትና ስሙን ግን አልጻፍሽልኝም። ላኪልኝ፤ በጸሎት ላስበው። የአባቱንም ጨምሪ።